የመለስነው ድግስ

ምሥራቅ ጃቫ፣ ኦገስት 9

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ ታሪያቲ፣

አሰላሙ አለይኩም። እዚያ ታይዋን የምትጦሪያቸው አሮጊት እንዴት ናቸው? አሁንም ምግቡን ይተፉብሻል? ታገሻቸው፣ እርጅና ነው።

እኔ ደህና ነኝ። የልጅሽን የፓንጂን ነገር ግን በስልክ ልነግርሽ ስል አንደበቴ እየተሳሰረ አስቸገረኝ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

ያ የቆሻሻ ማቃጠያ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሥራ ሲጀምር ሥራ አስኪያጁ የዱዓ ድግስ ጠርቶን ነበር። የጎረቤት ድግስ እንቢ አይባል፤ ሄድን፣ አሚን አልን፣ ቢጫውን ሩዝ በቅጠል ጠቅልለን ወደየቤታችን ወሰድን። አሁን ጭሱ ፈጀን ብለን የማቃጠያው በር ላይ ብንሰለፍ፣ ሰውየው ምን ቢለን ጥሩ ነው? «እናቶቼ፣ መርቃችሁልኝ በልታችሁ የለም እንዴ!»

አፈርን። የበላንበትን ምርቃት በምን አፋችን እንርገመው? የጎረቤታችንን የጁሚላህን ምላስ ግን ታውቂዋለሽ። «የበላነውን እንመልስለታ!» አለች። በማግስቱ ሴቶቹ ሁሉ ቢጫ ሩዝ አብስለን፣ በቅጠል ጠቅልለን በሩ ላይ ደረደርንለት። «እንካ ድግስህን! አሚናችንን መልስልን!» ብላ ስትጮህበት ዘበኞቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ሩዙን ተራምዶ ገባ። ጭሱም አልቆመም፤ እኛም በየቀኑ በሩ ላይ እንቀመጣለን።

በዚያው ሳምንት ፓንጂ ትንፋሽ አጥሮት ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ «በዚህ አየር ውስጥ ከከረመ ሳንባው አይተርፍም» አለችኝ። እናም ተራራው ላይ ወዳሉት አማትሽ ሄድኩ። ከእሳቸው ጋር ዓይንና ናጫ መሆናችንን ታውቂያለሽ፤ እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። ትናንት መጥተው ወሰዱት። አደራሽን ለሌላ ሰው ሰጠሁ፤ ልጄ፣ ልቤ ተሰብሯል።

«አንቺም ነይ» ብለውኝ ነበር። ሁላችንም ከሄድን በሩ ላይ ማን ይቀመጣል? ሰውየው የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ፓንጂ መኪናው ውስጥ ሆኖ «አንቺስ?» አለኝ። «ዳክዬዎቹን ማን ያበላልኛል?» አልኩት። ዳክዬዎቹ እኮ ኩሬው በማቃጠያው አመድ ሲጠቁር አልቀዋል፤ የቀበራቸውም እሱ ራሱ ነው። ትንሽ አየኝና፣ «እሺ እማማ፣ ብቻ እንዳትረሻቸው» አለኝ።

አላህ በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ፤ ሦስታችንንም በአንድ ማዕድ ለመቀመጥ ያብቃን።

እናትሽ ሱማርኒ