የአምናው ወፍራም፣ የዘንድሮው ቀጭን

ይድረስ ለታናሼ፣ ለእህት ዓለም፣

እንዴት ከረምሽ? ያ ጀርባሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ከእንቅልፍ ያስነሳሻል? ባልሽ ደህና ነው? ልጆቹ? የእናታችን ጉልበትስ ደረጃውን ያስወጣታል? እኛ ደህና ነን። ሐሳቤ ብቻ ነው እንደ ስፌት መኪናዬ ሲንቋቋ የሚውለው።

ነገሩ የላፕቶፕሽ ጉዳይ ነው። ነርሷ ጎረቤቴ ነገ ጠዋት ትነሳለች፤ ከእሷ ሌላ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ቶሎ አይገኝም፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ማስረከቢያም ደርሷል። በስልክ ብጠይቅሽ "አንቺ ካየሽው ይበቃኛል" ብለሽ ጭንቁን እኔ ላይ ጣልሽው። እኔ ከመቀስና ከመርፌ በቀር ምን አውቄ?

ሻጩ ሁለት አስቀመጠልኝ። አንዱ የአምናው፣ ወፍራም። ሌላው ያው ስም ያለው ሆኖ ዘንድሮ መልኩን ቀይረው ያወጡት፣ እንደ ደብተር የሳሳ። እንደ ልማዴ ገለበጥኩና ስፌቱን ፈለግሁ። ሻጩ "እናቴ፣ ይሄ እኮ ቀሚስ አይደለም" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። የአምናው ከሥሩ በብሎን የተያያዘ ነው፤ ይፈታል፣ ሚሞሪም ይጨመርበታል። የአዲሱ ሚሞሪ ግን አብሮ ተበይዷል። ትርፍ ጨርቅ ያልተተወለት ልብስ ማለት ነው፤ ስትወፍሪ መጣል። መሰኪያውም ሁለት ብቻ፣ ፍላሽሽን ያለ ማገናኛ አይቀበልም። ስለዚህ ሰኞ ዕለት የአምናውን ገዛሁ።

ቤት እስክደርስ ግን ሦስቴ ትከሻ ለወጥኩ። ሁለት ትምህርት ቤት በእግርሽ እየተመላለስሽ ማስተማርሽ ትዝ አለኝ። ማክሰኞ ቁጭ ማለት አቃተኝ። ላፕቶፑን ይዤ ብዞር እንዳልጥለው ፈራሁና፣ የሱን ክብደት ያህል የልብስ ቁልፍ መዝኜ በከረጢት አንግቼ ሥራዬን ያዝኩ። የስፌት ክፍላችን ካውያ ተኳሽ "እትዬ፣ ቁልፍ ልትዘሪ ነው? ዝናቡ እኮ ገና ነው" እያለ ሲያስቅብኝ ዋለ። ለምሳ ስንነሳ አንገቴ አልዞር አለ። ከምሳ በኋላ እየቀነስኩ ከቀጭኑ ክብደት ጋር አስተካከልኩት። ማምሻውን ወደ ቤት ልሄድ ስል ካውያ ተኳሹ "እትዬ፣ ከረጢቱን አታወልቂም?" አለኝ። ለካስ መሸከሜን ረስቼዋለሁ።

ዛሬ መልሼ ሄድኩ። ሻጩ "ዛሬስ ስፌቱን አታዪም?" አለኝ። "ዛሬ የማየው የእህቴን ጀርባ ነው" አልኩት። ኋላ የማይለቀቅ ልብስ ከመነሻው ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፤ እኔም የአምናውን በቀጭኑ፣ ሚሞሪው ተለቅ ባለው አስቀየርኩ። የጨመርኩትን ገንዘብ እንዳትጠይቂኝ። ማገናኛውንም አልረሳሁም።

እንዲህም ሆኖ ልቤ አላረፈም። ቢበላሽ ማን ይፈታዋል እያልኩ መያዣውን ስሰፋለት አረፈድኩ። ስፖንጅ አለው፣ ለማገናኛው ኪስ አለው። ጎኑ ላይ ደግሞ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ትቼበታለሁ፤ ዕድሜ ሰጥቶሽ አንድ ቀን ወፍራም ብትገዢ ፈትተሽ ትለቂዋለሽ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን፣ ጥርሷ የወለቀውን ትልቋን፣ ያን ቀበጥ ትንሹንም ሰላም በይልኝ። ላፕቶፑ ሲደርስሽ አትክፈቺው፤ መጀመሪያ አንግተሽ ግቢውን ሁለት ዙር ዙሪና ደውዪልኝ። እስከዚያ እኔም እዚህ መዞሬ አይቀርም።

ታላቅሽ
ከስፌት ክፍሉ፣ ከመስኮቱ ሥር
ረቡዕ፣ ኅዳር 12