ሁለት ሲሊንደርና አንድ ባትሪ

መጋቢት 9

ከሥራ መልስ አሸንዳውን ጠረግሁ። ሁለት ባልዲ የበሰበሰ ቅጠል፣ አንድ የሕፃን ጫማ። ጫማው እንዴት ጣሪያ ላይ ወጣ? ሽማግሌው ከአልጋቸው ሆነው በመስኮት ያዝዛሉ። «መሰላሉን ረገጥ ረገጥ አድርጊው!» «አንድ እጅሽ ምንጊዜም ይያዝ!» ሠላሳ አንድ ዓመት የመብራት ምሰሶ ላይ ሲወጣ የኖረ ሰው ዝም ብሎ ማየት አይችልም መሰለኝ።

አሁን ጉዟቸው ከአልጋ እስከ ወንበር ነው። ሳንባቸው ከድቷቸዋል። አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ፣ የቱቦው ጫፍ አልጋው ሥር ካለው የኦክስጅን ማሽን። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት። የበልግ ወጀብ ሲመጣ ደግሞ በየዓመቱ መጀመሪያ የሚሄደው መብራት... ዕድሜ ልክዎን ለሰው ሲቀጥሉት ኖረው አሁን እሱው ያስፈራራዎት ጀመር፣ አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ሳሉ።

መጋቢት 12

የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጣች። በደቂቃ ሁለት ሊትር፣ ከዚያ እንዳይወርድ አለች። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ሁለት የኦክስጅን ሲሊንደር ትታልን ሄደች። አንዱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቆያል። እኔ ጥግ ላይ ላስቀምጣቸው ስል «በገመድ እሰሪያቸው፣ ከወደቀ ቦምብ ነው» አሉ። አሰርኩ።

መጋቢት 14

ክፍል አገኘሁ። ከመጋረጃ ስፌት ቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ። ጠባብ ነች፣ ግን መስኮቷ ሰፊ። ከግንቦት አንድ ጀምሮ።

ፍቺው ካለቀ አምስት ወሩ። ልጃቸው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ትዳር። እኔ ባል የሌለበት የባል ቤት ውስጥ አባቱን አስታምማለሁ። «ምን ይዞሽ ነው?» ይሉኛል ስፌት ቤት። ምን ይዞኝ ነው? አስታማሚ እስኪገኝ ተብሎ ነበር። ፈላጊም አልነበረም።

ለሽማግሌው አልነገርኩም። ወጀቡ ይለፍና...

መጋቢት 20

ጽዷ ተቆረጠች። ሟች ባለቤታቸው የተከሏት ነበረች። ሽቦው ላይ ማዘንበል ከጀመረች ቆይታለች። ቅርንጫፏ ብቻ ይመልመል ብዬ ነበር። «ሽቦ ላይ የሚደገፍ ዛፍ ዘመድ አይደለም» አሉ።

መጋዙ ሲጀምር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሬዲዮኑን ከፈትኩላቸው። ዝጊው አሉ።

መጋቢት 25

ከመኪና ጠጋኙ ጎረቤት ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ ኢንቨርተር አመጣሁ። በአርባ ስድስት ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ። ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ። እጅ ደረቅ፣ ጫማ ጎማ።

«ቀለበትሽን አውልቂ፣ ብረት ነው።»

«ካወለቅኩት ቆየሁ አባባ።»

«እንግዲያው ቀጥይ።»

ማሽኑ በባትሪው ሦስት ሰዓት ሠራ። ሦስት ከባትሪ፣ አሥራ ሁለትና አሥራ ሁለት ከሲሊንደር። ሃያ ሰባት ሰዓት። ከዚያ በኋላስ? አልጠየቅኩም።

ሚያዝያ 2

ነፋስ ብቻ። መብራት ሁለት ጊዜ ጥቅሻ ጠቅሶን ተመለሰ።

ሚያዝያ 6

ሲሊንደር መቀየር ዓይኔን አስጨፍነው አለማመዱኝ። መፍቻው የት እንዳለ፣ ወደ የት እንደሚዞር፣ ሲሊንደሩ ሲተነፍስ ድምፁ ምን እንደሚመስል። ሻማ ክልክል፤ ኦክስጅን ባለበት እሳት አይለኮስም። አራቴ ተሳሳትኩ። አምስተኛው ላይ «ደህና» አሉ። ከእሳቸው አፍ «ደህና» ማለት ሽልማት ነው።

ለምን እንዲህ ያጠብቁብኛል? እንደ አዲስ ተቀጣሪ...

ሚያዝያ 11

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። መጀመሪያ በረዶ፣ ከዚያ ነፋስ። መብራት ሄደ። ማሽኑ ጮኸ፣ ባትሪው ተረከበ። ጣሪያው ይዟል። የጎረቤት ቆርቆሮ በራችን ላይ ተንጠልጥሏል። ስልክም የለም።

አንድ ሰዓት ላይ ባትሪው አለቀ። የመጀመሪያውን ሲሊንደር ከፈትኩ። አንዴም አልተሳሳትኩም።

ሚያዝያ 12

ሁለተኛውን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከፈትኩ። እስከ ማታ አንድ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ሌላ እንዳላመጣ መንገዱ በዛፍ ተዘግቷል። ማን ይሸከመዋል?

ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጭቃ የለበሰ ሰው። «ጋሼ አሉ?» «ድመቱ» እያሉ የሚጠሩት ነው። ምሰሶ መውጣት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ የጥገና ቡድን አለቃ ሆኗል። በእግሩ ነው የመጣው። አልጋው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሰፈር ሁለት ቦታ ነው የተበጠሰው። ቢበዛ አራት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከዚህ ልጀምርልዎ።»

«ሌላስ ምን ወድቋል?»

መሬት መሬቱን አየ። «የጤና ጣቢያው መስመር። ጄኔሬተራቸው ነዳጅ ሊጨርስ ነው። ማሽን ላይ ያሉ ሕፃናት አሉ... ግን እርስዎም እኮ ጋሼ...»

«እሱ ስንት ይፈጃል?»

«እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ።»

ስምንት ላይ አራት ሲደመር ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ሲሊንደሩ የሚያልቀው አንድ ላይ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት አለን?»

ያውቁታል እኮ። ከእኔ አፍ እንዲወጣ ነው የፈለጉት?

«አሥር ሰዓት» አልኩ።

«አሥር አለን። ሂድ።»

ድመቱ አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ። አይሆንም ማለት ነበረብኝ? ሄደ።

በሩ እንደተዘጋ ግን ፈነዳሁ። «ቢዘገይስ? ሲታፈኑ ቁጭ ብዬ ላይ ነው? ለሁሉም ሲያስቡ ለእኔ ማን ያስብ?» እንዲህ ጮኼባቸው አላውቅም።

እስክጨርስ ጠበቁ። «አዲስ ተቀጣሪ አሥር ሰዓት አለኝ ቢለኝ አላምነውም ነበር። አንቺን አመንኩሽ። ከፈራሽ ወደ አንድ ሊትር ዝቅ አድርጊው።»

«ነርሷ ሁለት ብላለች። አላወርድም።»

«ሳንባው የማን ነው?»

«ሳንባው የእርስዎ ነው። መፍቻው የእኔ ነው።»

ሳቁ። ሲስቁ አየር ያባክናሉ። ዝም ይበሉ አልኳቸው። ታዘዙ።

ከዚያ መጠበቅ። መጋረጃ በእጄ ሰፋሁ፣ ጠምዝዤው ኖሮ ፈታሁት። የሲሊንደሩ መለኪያ መርፌ ቆሞ የቀረ ይመስላል፣ ዞር ብለሽ ስትመለሺ ወርዷል። ስምንት ተኩል ላይ ውጭ አንድ ሰው «ጤና ጣቢያው በራ!» እያለ አለፈ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ግማሽ ሰዓት ዘግይቷል» አሉ።

አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ። የለም። መርፌው ቀዩ ውስጥ ገባ። ሲተነፍሱ አብሬ እተነፍስ ነበር፣ እንደሚያግዝ።

ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ማሽኑ ከአልጋው ሥር ጮኾ ተነሳ። ቱቦውን አዛወርኩ። ሽማግሌው ተኝተዋል። አልቀሰቀስኳቸውም። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መፍቻውን አሁንም እንደጨበጥኩ ነበርኩ። ሁሉም ካለፈ በኋላ... ምን ይባላል ይሄ?

ሚያዝያ 13

ሥራ አልሄድኩም። ተኛሁ።

ሚያዝያ 19

ሴት ልጃቸው ወጀቡን ሰምታ መጣች። ሻንጣዋ ትልቅ ነው። እቆያለሁ አለች።

ዛሬ ነገርኳቸው። ክፍል ተከራይቻለሁ፣ ለግንቦት አንድ።

«አውቃለሁ።»

«ከማን ሰሙ?»

«ካከራይሽ። ስትደውልልሽ ድምጿ ለሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ልጄ ላጠፋው አንቺ እንድትቀጪ? አትሂጂ ማለት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።»

ሾርባቸውን ጨረሱ። ሳህኑን አነሳሁ።

ግንቦት 1

ገባሁ። አንድ አልጋ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ ሁለት ካርቶን። ለሴት ልጃቸው ሲሊንደሩን አሳይቻት ነው የመጣሁት። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። «አንቺ ደግሞ ከአባዬ ባስሽ!» አለች።

ግንቦት 2

እስከ ረፋድ ተኛሁ። ማንም አልጠራኝም። ደስ አለኝ? አዎ። ትንሽ ቅር ቅር የሚል ነገርም አለው።

ሰኔ 3

ትናንት ሽማግሌው ደወሉ። «ነገ ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ። ፈቃድ ጠይቂ።» ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ልጃቸው መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስትዞር እኛ ካርድ ክፍል ተሰለፍን። እሳቸው በተሽከርካሪ ወንበር፣ እኔ ከኋላ። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ትጠይቃለች። ስም። ዕድሜ። ያመጣቸው ሰው ስም። ተናገርኩ።

«ምናቸው ነሽ?»

ምራት? በወረቀት ተፍቄያለሁ። ልጅ? ልጃቸው ውጭ አለች። ጎረቤት? እሱም ቀርቷል። ከኋላችን ሰልፉ ያጉረመርማል...

ሽማግሌው አፍንጫቸው ላይ ያለውን ቱቦ አስተካከሉ።

«ባልደረባዬ ናት» አሉ።

«የሥራ?»

«የሥራ።»

ጸሐፊዋ አሁን ቀና አለች። እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ጻፈችው።