ለአዲስ ጎራዴ ዝገት ፍለጋ

ሰኞ

አልዛገም። እርጥብ ጭድ ውስጥ ሰንብቶ አልዛገም። አንድ ሌሊት ዝናብ የነካው ማጭድ በማግስቱ ይቀላል፤ ይሄ ጎራዴ ግን እልህ የያዘው ይመስል ያበራል። ጥፋቱ የራሴ ነው። ከጭነት መኪና ባሌስትራ ቀጥቅጬ ስጨርስ ደስ ብሎኝ በዘይት ወለወልኩት።

ያዘዘኝ የፊልም ሰው ነው፤ ከባሕር ዳር። የጥንት ጎራዴ ፎቶ በስልኩ አሳየኝና «ብራዘር፣ ልክ እንደዚህ አርገው። ግን አዲስ እንዳይመስል፤ ብዙ ጦርነት ያየ ይምሰል» አለኝ። ዓርብ ይመጣል። ከወደደው የፊልሙን ሠራዊት ጎራዴና ጩቤ በሙሉ እኔ እሠራለሁ። ካልወደደው ያው ማረሻና ማጭድ ነው። ማረሻ አልናቅሁም። ግን ዕድሜ ልክ ማረሻ ብቻ?

ማክሰኞ

ጭዱን ጣልኩት። ዘይቱን በሳሙና አጠብኩ። ከዚያ ጨው፣ ሎሚ፣ አቼቶ።

እማዬ «ሎሚው ለምንህ ነው?» አለች። «ለጎራዴው» አልኳት፤ ማብራራት ሰልችቶኝ።

ወደ ማታ ቀላ! ስለቱ ላይ ብጉር ብጉር አለ፣ እጀታው ሥር ጠቆረ። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ሆኜ ዝገት አይቼ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ረቡዕ

ለሰገባው የሚሆን ቆዳ ልገዛ ንፋስ መውጫ ወረድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቀኑ አለቀ። ስመለስ ጎራዴው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ያበራል።

እማዬ በአመድና በአሸዋ ፈትጋዋለች። ጠባቧን ቦታ እንኳ አልተወችም፤ በስንጥር እየጎረጎረች ጠርጋለች። «ሎሚ ቀብተህ ስትሄድ ዝገቱን ልታስለቅቅ መስሎኝ፣ እኔ ጨረስኩልህ» አለች፣ ደስ ብሏት። «ነገ ተነገ ወዲያ ገበያተኛው ደጃችን ይመጣል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ብረት ዛገ ይበሉኝ?»

ጮህኩባት። ዝገቱን ነበር የምፈልገው ብዬ ጮህኩባት። እጇን አሸዋው ልጦታል። እሱን አይቼም ዝም አላልኩም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ሳልቸኩልም ፈሰሰብኝ።

ሐሙስ

ሚካኤል። ወናፍ አይነካ፣ መዶሻ አይነሣ። ጨውና አቼቶዬን አውጥቼ ልቀባ ስል እማዬ ከበሩ ሆና «በሚካኤል?» አለች። ከትናንት ወዲህ የተናገረችኝ ይችን ብቻ ነው።

መቀባት ሥራ ነው አይደለም እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። የአገራችን የቤተ ልሔም ሊቃውንት ቢሰበሰቡ ይፈርዱት ይሆናል፤ እኔ አልደፈርኩም። አልቀባሁም።

ዓርብ

መጣ። ጎራዴውን ከግድግዳው አወረደ፣ ፎቶ አነሣው፣ መለሰው። «ብራዘር፣ ሥራህ አሪፍ ነው። ግን ይሄ ትናንት የተሠራ ነው የሚመስለው።»

ትናንትማ በዓል ነበር ልለው አሰብኩ። ሌላውን እንዴት ልበል? እናቴን ለእንግዳ ሰው ልክሰስ? ሊሄድ ተነሣ።

እማዬ ከጓዳ ወጣች። ከደንበኛ ጋር ተነጋግራ የማታውቅ ሴት። «ጌታዬ፣ ዝጎ ነበር። ሳላውቅ የፈተግሁት እኔ ነኝ። እስተሚመጣው ዓርብ ጊዜ ይስጡት፣ እኔው ራሴ አዝገዋለሁ» አለችው።

ሰውዬው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እስከ ዓርብ እሺ፣ ከዚያ ካለፈ ሌላ ሠሪ አለኝ ብሎ ሄደ።

ትእዛዙ ተረፈ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ

ይቅርታ ልላት ስል ዋልኩ፤ አላልኩም።

አመሻሽ ላይ ጓሮ ተቀምጣ አገኘኋት። ጎራዴውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ የጨው ውኃ ትረጭበታለች። ሰው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ሲርቅ ትገልጠዋለች፣ ትረጫለች፣ ፊቷን ታዞራለች።

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ቀላ?» አለችኝ፣ ሳታየው።

«ገና ነው፣ እማዬ» አልኳት።