በይታይሽ ስም

ጥቅምት 4 ቀን 1944
ጎረቤቴ ይታይሽ ዛሬም አልተነሣችም። ጎኗን ይወጋታል። አጥሚት ወሰድሁላት፣ ሁለት ጊዜ ተጎንጭታ ተወችው። ይልቅ ለልጄ ጻፊልኝ አለች። ልጇ ታፈረ ኮርያ ከዘመተ ስድስት ወሩ።
«ታማለች እንዳትይው!»
«እሺ፣ እስክስታ ትወርዳለች እለዋለሁ።»
ሳቀች... ሳቋም ወጋት። አባቴ ቄሱ ፊደል ባያስቆጥሩኝ ማን ይጽፍላት ነበር?

ጥቅምት 21
ይታይሽን ትናንት ቀበርናት።

ኅዳር 2
ለታፈረ ልጽፍ ወረቀት ሳወጣ የይታይሽ ወንድም አያ አንዳርጌ መጡ።
«ምን ልትይው ነው?»
«እናትህ ሞተች ነዋ።»
«አብደሻል? መርዶ በወረቀት ይነገራል? በማለዳ፣ ዘመድ ከቦት፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው እያለ ነው እንጂ! እዚያ ማን አለው?»
እውነታቸውን ነው። ታዲያ ምን ልበለው?
«እንደ ወትሮው ጻፊ። ሲመጣ እናረዳዋለን።»
«እኔ እናትህ ለጤናዬ ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍሁ። ይታይሽ፣ ይቅር በይኝ።

ታኅሣሥ 18
አርብ ገበያ ወረድሁ። ደብዳቤ የሚያመላልስልን ነጋዴው ጁሃር ከደብረ ታቦር ገብቷል።
«እትዬ ሐረገ ወይን፣ የዛሬውስ ወፍራም ነው!»
ፎቶግራፍ አለበት። ታፈረ ካፖርት ለብሶ... እንዴት ከስቷል! በረዶው ጉልበት ይደርሳል ይላል። ከፋሲካ በኋላ ትመለሳላችሁ ብለዋቸዋል። «እማዬ፣ አንቺም ፎቶ ተነሥተሽ ላኪልኝ። ፊትሽ እየጠፋብኝ ነው።»
ምን ብዬ ልመልስ?

ታኅሣሥ 23
እውነቱን ጻፍሁለት። ስሙን እየጠራች እንዳረፈች፣ የት እንዳስቀመጥናት፣ ሁሉንም።

ታኅሣሥ 25
«ዛሬ የምልከው የለሽም?» አለ ጁሃር። ደብዳቤውን በነጠላዬ ውስጥ ጨብጬዋለሁ... በዚያ በረዶ ውስጥ ብቻውን ሲያነበው ታየኝ።
«ቆየኝ» አልሁት። ከገበያው ሱቁ ደጃፍ ተቀምጬ ሌላ ጻፍሁ። «ልጄ፣ ከፋሲካ በኋላ ትመጣ የለ? ያኔ አብረን እንነሣለን።» ይህንኛውን ሰጠሁት።
ልጄ የሚለው ቃል እንዴት ቀለለኝ? እኔ እንደሁ አልወለድሁ።

ጥር 29
ጁሃር ባዶ እጁን መጣ። መንገዱ ነው ይላል።

መጋቢት 3
ጎህ ሲቀድ ደጄ ላይ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ከፈትሁ። አያ አንዳርጌ፣ የንስሐ አባቴ ቄስ ወልደ ገብርኤል፣ ከኋላቸው መንደሩ ሁሉ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ። የታፈረ መርዶ መሆኑ ገባኝ።
«ምነው ወደ እኔ መጣችሁ? እኔ ዘመዱ አይደለሁ...»
አያ አንዳርጌ ሁለት ክንዴን ያዙኝ። «ወደ ማን እንሂድ? እናት ሆነሽ የከረምሽለት አንቺ!»
ከዚያ በኋላ አላውቅም። ሴቶቹ ወገቤን በመቀነት አሥረው ደግፈውኛል።
እናቴ አለችልኝ እንዳለ ሄደ። አሁን እዚያ ሲያገኛት ምን ይላት ይሆን?
ወደ ማታ ጁሃር መጣ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ። ደጃፉ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ደብዳቤዎቹን ማን ሲጽፋቸው እንደ ነበር ያውቃል።
«አላህ ያጽናሽ፣ የታፈረ እናት» አለኝ።