ዘጠነኛው የእግር ልክ

ለምወድሽ እትዬ፣

ሌላውን ሁሉ ከማውራቴ በፊት ጤናሽን ልጠይቅ። ወገብሽ እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ የሚጮኸው ጉልበትሽስ? ደህና ነኝ ብለሽ እንዳታልፊኝ፤ አንቺ ደህና ነኝ ስትይ አምኜሽ አላውቅም። ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ ሰላም ነው? ቀጮን ሆን ብዬ ወደ ኋላ አቆየኋት። ስለ ልጄ መጠየቅ ከጀመርኩ ሌላውን ረስቼ ወረቀቱን በሷ ብቻ እጨርሰዋለሁ።

እኔ ተመስገን ነው፤ በጤናዬ የጎደለብኝ የለም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ይህን ደብዳቤና ካርቶኑን የምታመጣልሽ አጠገቤ ያለው ክፍል የምትኖረው ነርስ ናት፤ ለእረፍት ወደ እናንተ ስለምትመጣ አደራ ብዬ አስያዝኳት። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትይኝ። በስልክማ አንቺ ማልቀስ ትጀምሪያለሽ፣ እኔ መቆጣት እጀምራለሁ፣ ከዚያ አይሰማም፣ አይሰማም ተባብለን እንዘጋዋለን። በወረቀት ግን አታቋርጪኝም። እስቲ ዛሬ እንኳ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ቋሚ መኖሪያ ፈቃዴ መጣ ብቻ ብዬሽ ነበር የዘጋሁት። እንዴት እንደመጣ ልንገርሽ። ከምሳ በፊት ነው። አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር አለ፣ የድሮ ደንበኛዬ፤ የተቆረጠ እግሩን በጀሶ ጠቅልዬ ቅርጹን እየወሰድኩለት ነበር፣ በዚያ ቅርጽ ላይ ነው አዲሱን እግር የምሠራለት። እጄ እስከ ክርኔ ነጭ ሆኖ ሳለ የክፍላችን ኃላፊ ሁለት ፖስታ ይዞ መጣ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ። ወፍራሙን ከፈትኩት። ካርዱ፣ ስሜ፣ ያ አስቀያሚ ፎቶዬ። ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ፣ ኃላፊው ከነጀሶዬ አቀፈኝ፣ ኬክ ይገዛ ተባለ። ሹፌሩ እሰይ፣ አሁንማ የኛው ሆንሽ ብሎ በአንድ እግሩ ቆሞ ጨበጠኝ፤ እንዳይወድቅ ደግፌው ስቄ ልሞት።

ስሱን የከፈትኩት ሁሉም ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ የእጅ መታጠቢያው አጠገብ ቆሜ ነው። አንዲት ገጽ ናት። ልጅዎ ውሳኔው በተሰጠበት ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ያለፋት በመሆኑ ከእርስዎ ማመልከቻ ጋር ልትታይ አትችልም ትላለች። ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ሦስተኛ ላነባት ስል የጣቶቼ ጀሶ ወረቀቱ ላይ ታትሞ አየሁ። ጉዳዬን የያዘልኝ ጠበቃ ጋ ስወስደው አምስቱም ነጭ ጣቶቼ እዚያው ነበሩ። ኬኩን ግን በላሁ። ቆራርሼም አደልኩ። ምን ላድርግ፣ ለኔ ብለው ነው የገዙት።

አሁን ሕጉን ላስረዳሽ፤ አንድም ቀን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም፣ እኔ ራሴ የገባኝ ተለዋውጦ ካለቀ በኋላ ነውና። ስመጣ አምስት ዓመት በሙያሽ ከሠራሽ ለቋሚ ፈቃድ ታመለክቻለሽ፣ አሥራ ስምንት ያልሞላት ልጅሽም አብራሽ ትገባለች ነበር የተባልነው። በመጣሁ በአራት ዓመት ከስምንት ወር፣ ሻይ ሰዓት ላይ፣ አምስቱ ስምንት ሆነ የሚል ዜና ሰው ሁሉ በየስልኩ ያነብ ጀመር። ለአዲስ ገቢዎች ይሆናል ብለን ተጽናናን። ኧረ ምን ሲደረግ! መንገድ ላይ ላለነው ሁሉ ነው። በመሀል ከዚህ አገር ከወጣሽ ደግሞ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ያኔ ልጠይቃችሁ ልመጣ ሻንጣ ሁሉ ገዝቼ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሻንጣው አልጋዬ ሥር ገባ።

ስምንቱን ጨረስኩ። በጨረስኩበት ሳምንት አመለከትኩ። በወረቀት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ይደርሳል ብዬ እፎይ አልኩ። ባመለከትኩ በሰባተኛው ወር ደግሞ ሌላ ወጣ፤ የልጅ ዕድሜ የሚቆጠረው ማመልከቻ በገባበት ቀን ሳይሆን ውሳኔ በተሰጠበት ቀን ነው ተባለ። የኔን ለመወሰን አሥራ አራት ወር ፈጀባቸው። እትዬ ሙች፣ እኔ አላረፈድኩም። አንድ ቀን እንኳ አላረፈድኩም! ባለሙያ አጥተናል ኑልን ብለው ጠርተውን፣ እኛ በሩ ጋ ስንደርስ በሩን ወዲያ ወሰዱት። ቆሽቴ ያረረው በዚህ ነው።

እንግዲህ ወደማትወጂው ነገር መጣሁ። እውነተኛ ዕድሜዋን እኔና አንቺ እናውቃለን። ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

በየስልኩ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እጄ ይቆረጥ ትያለሽ። እጅሽ አይቆረጥ፤ መቆረጥ ምን እንደሚያመጣ እኔ ነኝ የማውቀው። ደግሞስ ማን ሆነና ያጠፋው? አምስት ዓመቷ ነበር። እኔ አዲስ ሥራ ይዣለሁ፣ የምተዋት ቦታ የለኝም፣ ትምህርት ቤቱ ከሰባት በታች አይቀበልም። አንቺማ ተይ ሕፃን ናት፣ አንድ ዓመት እንኳ ትቆይ ብለሽኝ ነበር። ነዝንዤ፣ ነዝንዤ ሰባት ነው በያቸው ብዬ የላክሁሽ እኔ ነኝ። ዳይሬክተሩ እጇን በራሷ ላይ አዙራ ጆሮዋን እንድትነካ አዘዛት። ያቺ ክንደ ረጅም መቼ አነሳት! ነካችው። ሰባት ብሎ ጻፈ። ቤት መጥተሽ ስታሳዪኝ፣ የሷን ክንድ የራስሽ ላይ አዙረሽ፣ በሳቅ ወለሉ ላይ አልተንከባለልንም? የልደት ወረቀቷም ፓስፖርቷም በዚያው ወጣ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ጥፋት ከኔ ላይ አትውሰጂብኝ። የኔ ነው፣ ለኔ ተዪልኝ።

ዕድሜዋ ይስተካከልልኝ ብልስ ብዬ ጠበቃውን ጠየቅሁት። መነጽሩን አውልቆ አየኝ። በአምስት ፎርም ላይ የልደቷን ቀን እውነት ነው ብለሽ ፈርመሻል፣ አሁን ውሸት ነበር ካልሽ መጀመሪያ የሚሰረዘው ያንቺ ፈቃድ ነው፣ ያንቺ ከተሰረዘ እሷስ ማን ጋ ትመጣለች አለኝ። ጉድ እኮ ነው! እውነቱን ብናገር ውሸታም ልሆን፣ ውሸቱን ይዤ ዝም ብል ልጄ አዋቂ ልትሆን። ለአዋቂ ልጅ ሌላ ሰልፍ አለ አለኝ። ስንት ዓመት ነው ብለው አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ ሕጉ ካልተለወጠ አለ። ካልተለወጠ ሲል ሳቅ አመለጠኝ። ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሲዞርብኝ ተነስቶ ውሃ ቀዳልኝ።

ለቀጮ የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ አጠገቧ ነበርሽ፣ የሷን እንጂ የኔን አልሰማሽም። ሕጉን ላስረዳት ጀመርኩ፤ አምስት ነበር፣ ስምንት ሆነ፣ የማመልከቻው ቀን፣ የውሳኔው ቀን።  ከዚያ ዘንድሮ፣ ዘንድሮ እያልሽ አሳደግሽኝ አለችኝ። አሁን እኮ መውጣት ተፈቅዶልኛል፣ ልምጣልሽ ብላት አትምጪ፣ አትደውዪም፣ እኔ እናት አለችኝ አለችና ስልኩን ላንቺ ሰጠችሽ።

ዘጠኝ ዓመት ከበሩ ወጥቼ መምጣት አቃተኝ። በሩ ሲከፈት አትምጪ ተባልኩ። ደግሞ እናት አለችኝ ያለችው እውነቷን ነው፤ ትኩሳቷን በመዳፍሽ የለካሽው አንቺ ነሽ፣ ጸጉሯን የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ መጀመሪያ የወር አበባዋ ሲመጣ የሮጠችው ወዳንቺ ነው። ምን እዋሻለሁ፣ እትዬ፣ ቀናሁብሽ። አንጀቴ እስኪቃጠል ቀናሁብሽ። በማግስቱ ደግሞ በራሴ አፈርኩ። ይቅር በይኝ።

ሹፌሩ አዲሱን እግሩን ሊሞክር ሲመጣ እንደ ልማዱ ልጅሽስ መቼ ነው የምትመጣው አለኝ። በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል፣ ስምንት ዓመት ሙሉ። አደገች አልኩት።

አሁን ስለ እግር ልኩ ወረቀት።

የመጀመሪያው ዓመት በግምት የላክሁት ጫማ ጠቧት ስታለቅስ፣ እግሯን ወረቀት ላይ አቁመሽ ዙሪያውን በእርሳስ ስለሽ መላክ የጀመርሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ። ሁሉም ከአልጋዬ በላይ ግድግዳው ላይ ናቸው፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ። በስልክ ፊቷን አያለሁ፤ ፊት ግን ያታልላል፣ ደህና ነኝ ይላል። እግር አይዋሽም። በሦስተኛው ዓመት ቀኝ እግሯ መሀሉ ላይ ዝርግ ማለት ሲጀምር የጫማ ውስጥ ሶል ሠርቼ የላክሁላት ከወረቀቱ አይቼ ነው፣ ሐኪም ሳይነግረኝ። ደግሞ ሲኮረኩራት አትችልም። በስምንቱም ወረቀት ላይ እርሳሱ የእግሯ ውስጠኛው ጎን ጋ ሲደርስ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ሳቋ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ።

ዘጠነኛው የደረሰኝ ከዚያ ስልክ ወዲህ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ጠርዙ ላይ እየሳቀች ቆመችልኝ ብለሽ ጽፈሽበታል።

ሥራዬ ነው፣ እትዬ። በሰው እግር ነው የምኖረው። መስመሩ የትም አልተንቀጠቀጠም፣ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። ተረከዙ ጋ ተቋርጦ እንደገና ተቀጥሏል፤ ጎንበስ ብሎ የራሱን እግር የሚስል ሰው እጁ ወደ ኋላ አልደርስ ሲለው እንዲያ ያደርጋል። አውራ ጣቱ ወደ ጎረቤቱ ተጋድሟል፣ አጠገቡ ያለው አጥንት ወጥቷል፤ ብዙ ዘመን የቆመ እግር ነው፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እግር እንደዚያ አይሆንም። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ስሄድ ከፊቴ ከፊቴ የሚሄድ አንድ እግር ነበር። ዓይኔን ከተረከዙ ሳላነሳ ነው መንገዱን የለመድኩት። እንዲህ ያለውን እግር በእርሳስ ቢስሉትም አልስተውም።

አልተቆጣሁም። ወረቀቱን ከሌሎቹ ጎን ሰቅዬ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ከዚያ ሄጄ ጫማውን በዚያው ልክ ገዛሁ። ውስጡ ያለውን ሶል የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በሦስት ቀን የምሳ ሰዓት። ለወጣው አጥንት ቦታ ለቅቄለታለሁ። ተረከዙን ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ፣ ወገብ ያሳርፋል። ካርቶኑ ላይ የማን እንደሆነ አልጻፍኩም። መጀመሪያ አንቺ ሞክሪው። ልክሽ ከሆነ አውልቀሽ ለማንም እንዳትሰጪ፣ በሞቴ! የክት ነው ብለሽም ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳትቆልፊው።

በግራው ጫማ ውስጥ አንድ ነጭ ወረቀትና እርሳስ አለ። ለቀጮ አትስጫት። ቁሚልኝ ብለሽም አትለምኛት፣ አኩርፋ እንድታስከፋሽ አልፈልግም። ጠረጴዛው ላይ ብቻ ተዪው። ዕረፍቴ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ትኬት አልቆረጥኩም፣ ሻንጣውን ግን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አቧራውን ጠርጌዋለሁ። ወረቀቱ ሞልቶ ከመጣ እመጣለሁ። ባዶ ከሆነም ባዶውን ላኪልኝ፤ በሌላ እግር አትሙዪልኝ፣ እትዬ። አውቀዋለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። እኔንም እሷንም ያሳደገ እጅሽ አይዛል። ያሳደግሻት ልጅ ታኩራሽ፣ ትጡርሽ። ስትተኛ ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ከኔ ነው ግን እንዳትያት።

ከኋላሽ ከኋላሽ እየሮጠች ያደገችው
ታናሽሽ