ሦስት ግራም

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባምላኩ፣ የእናቴ ልጅ፣

ደብረ ማርቆስ ስልክ አልገባ ስላለኝ ይህን በሰው ልኬልሃለሁ። መንገዱ ተዘግቶብህ ለእማዬ ቀብር አለመድረስህን ማንም አልወቀሰህም፤ አንተም ራስህን አትውቀስ።

«እማዬ በመጨረሻ ምን ትበላ ነበር?» ብለህ በሰው ጠይቀኸኛል። ለሌላው ሁሉ «ደህና ትበላ ነበር» ብያለሁ። ላንተ ግን የዕለት ማስታወሻዬን ገልጬ እያየሁ እጽፍልሃለሁ።

ከፋሲካ በኋላ በቀን ከአንድ እንቁላል በላይ አልወርድላት አለ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ሰውነታቸው አልቋል፤ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል» አለችኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ አሰላሁ። የዶሮ እንቁላል ሃምሳ ግራም ቢሆን ነው፤ የዳክዬ ሰባ ይደርሳል። የዶሮው ስድስት ግራም ፕሮቲን አለው፣ የዳክዬው ዘጠኝ። ቅባቱ እጥፍ ገደማ ነው፤ ብረቱም ይበልጣል። አንድ ብቻ የምትበላ ከሆነ ትልቁን ትብላ አልኩ። እንደ ዳክዬ ጣቱ በቆዳ የተያያዘ ወፍ፣ እንቁላሉም ጭምር፣ በእምነታችን እንደማይበላ ጠፍቶኝ አይደለም።

ወንዙ ዳር ዳክዬ የሚያረባው ኑሕ ሳቀብኝ። «እትዬ ተሻለች፣ የቻይና ምግብ ቤት ከፈቱ እንዴ?»

«ለእናቴ ነው።»

ሳቁን ዋጠ። «እማማ ያውቃሉ?»

«አንተ እንቁላልህን አምጣ።»

«እኔ እሸጣለሁ። መንገሩ የርስዎ ነው።»

ቅርፊቱን እንዳታየው ሱቄ እየጣልኩ፣ የተቀቀለውን እንቁላል አድቅቄ በቅቤ እያሸሁ አበላኋት። ማስታወሻዬ ላይ «ግንቦት 1፤ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ሞቀች» ይላል። ስሌቴ ልክ ነው ብዬ ኮራሁ።

ግንቦት 6 እንቁላሉን ሳልልጥ ሳህን ላይ ትቼ፣ ደንበኛ ጠራኝና ወጣሁ። ስመለስ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች። ንግዱን ያስተማረችኝ እሷ መሆኗን እንዴት እንደረሳሁት!

«ይቺ የምን ናት?»

«የዶሮ ናት እማዬ።»

«ተሻለች፣ አርባ ዓመት እንቁላል ሸጫለሁ። ገበያተኛ መሰልኩሽ?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሳህኑን ቀስ አድርጋ ወደ እኔ ገፋችው። ከዚያ ወዲያ አጥሚትም ሾርባም ባቀርብላት «ይሄስ ምንድን ነው?» ትላለች። እነግራታለሁ፤ ዐይን ዐይኔን ታያለች፤ ማንኪያውን ትመልሰዋለች። ከጸበል በቀር ከእጄ ምንም አልወሰደችም። የነፍስ አባቷ መጥተው አናዘዟት። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ሲወጡ ግን ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ አለፉ። በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈች።

ሕመሙ ነው የወሰዳት ይላሉ። ይሆናል። እኔ ግን ያኔ ያላሰላሁትን አሁን አሰላሁት። ግራም ለግራም ከተመዘኑ የሁለቱ ፕሮቲን እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ የዳክዬው የበለጠው ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነው። ጠዋት አንድ የዶሮ፣ ማታ ደግሞ ግማሽ እያባበልኩ ባጎርሳት ያው ዘጠኝ ግራም ነበር። ማባበል ጊዜ ይፈጃል። እኔ ደግሞ ሱቅ ነበረኝ።

መድኃኔዓለም ለአርባዋ መንገዱን ይክፈትልህ፤ በደህና ያግባህ። ስትመጣ ማዕድ አቀርብልሃለሁ። ምን እንደሆነ ጠይቀኝ፤ እነግርሃለሁ። ከዚያ ብላልኝ።

እህትህ ተሻለች