ነጅማ ብቻዋን ስትፈተን

ዓርብ፣ ጥር 19 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ደማም፣ ሳውዲ ዓረቢያ

…አምና በረሃው ላይ ጥንቸሏ ልታመልጥ ስትል ውሻዋ ነጅማ ዞራ መንገዷን ዘጋችባት፤ ሌላው ውሻ በርቅ ደርሶ ያዛት። ይህን እያሰብኩ ሳለ ነው ካፊሌ፣ አሠሪዬ፣ ከጁምዓ በኋላ ሦስቱን የአደን ውሾቹን ሊፈትን እርሻው ድረስ የመጣው። ሁለቱን ያስቀራል። ሦስተኛው በኢንዱስትሪ ከተማው መጋዘን በር ላይ በሰንሰለት ይታሰራል።

በርቅና ሻሂን ተራ በተራ ተለቅቀው ጥንቸል ያዙ። ነጅማ ግን ጥቂት ሮጣ አጥሩ ጥግ ቆመች። ጥንቸሏን ወደ እሷ የሚያባርርላት ሌላ ውሻ እየጠበቀች ነበር።

"ኸላስ፣ በቃ፣ ሰነፍ ናት" አለ ካፊሌ።

"አብረው ይሩጡ። የእሷ ሥራ ያኔ ነው የሚታየው" አልኩት።

አብሮኝ የሚሠራው ሰዒድ ጎሸም አደረገኝ። "ጠበቃዋ ሆንክ እንዴ፣ ወንድሜ? አንተንም ከእሷ ጋር እንዳያስርህ!"

ሦስቱም ተለቀቁ። ነጅማ እንደ አምናው ዞራ ጥንቸሏን መለሰቻት፤ በርቅ ያዘ። ደስ ብሎኝ ወደ ካፊሌ ዞርኩ።

"አየህ?" አለኝ። "አሁንም የያዘው በርቅ ነው።"

"የመለሰችለት እኮ እሷ ናት።"

"እኔ የምፈልገው የሚይዝ ነው።"

አብረው ይሩጡ ብዬ ፍርዱን ያጸናሁባት እኔ ነኝ። እኔና ሰዒድስ ለየብቻ ብንፈተን?

ማምሻውን ካፊሌ ወደ መጋዘኑ ሊወስዳት የፒካፑን የኋላ በር ከፈተላት። ዘላ ገባችና ለበርቅና ለሻሂን ቦታ ለቃ ጥጉን ያዘች። ዓይኗን ውጭ ከቀሩት ከሁለቱ ላይ አልነቀለችም።

በሩ ተዘጋ።